የእማዬ ወንበር

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ካርታ ከፍቼ ተቀመጥኩ። በመጸው ወደ ተራራ ወጣ ብለን ሦስት ቀን እንድናድር ከተነጋገርን ወር አልፎናል፣ እስካሁን ግን ያለን ወሬ ብቻ ነው። ዘንድሮ ነገሩን ራሴ ልይዘው ወስኛለሁ። የአምናው እንዲደገም አልፈልግም።

አምና አርፍደን ወጣን። በዚህ ወቅት ቀኑ በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ እንደሚያጥር ማን አስቦት? ተራራ መሐል ደግሞ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ከጫፉ ጀርባ ስለምትደበቅ ሸለቆው ቀድሞ ነው የሚጨልመው። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ መሸብን። ትንሿ ልጄ ከኋላ "አባዬ፣ ሊያስመልሰኝ ነው" አለች። ፌስታል እስክንፈልግ አልጠበቀችም። ጃኬቶቹን ከሻንጣ ሁሉ ሥር ቀብረናቸው ስለነበር እኔ በቲሸርት፣ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ በመብራቱ የመኪናውን መቀመጫ ስጠርግ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። ባለቤቴ "አየሩን አይቻለሁ ብለህ አልነበር?" አለችኝ። አይቼማለሁ! ያየሁት ግን የታችኛውን ከተማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ እንደሚቀንስ የገባኝ ከተመለስን በኋላ ነው። ታች 18 ዲግሪ ካለ ላይ 11 ወይም 12 ነው፣ ነፋሱ ሲጨመርበት አስቡት።

ስለዚህ ዘንድሮ ጃኬት ከላይ፣ ፌስታል በእጅ። ይቺ አልቃለች።

ከዚያ የእግር መንገዱ ላይ ገባሁ፣ እውነቱን ለመናገር የምወደውም ይሄን ነው። ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት አንድ ቀመር አለች፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ጨምር። እኔ የመረጥኩት መንገድ ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገቱ 600 ሜትር። 3 ሰዓት! ከምሳ በፊት ጨርሰን እንመለሳለን ብዬ ጠዋት ቁርስ ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ ለሁሉም አስረዳሁ። ባለቤቴ በማያስተማምን ድምፅ "ጥሩ ነው" አለች። ልጄ ጫፍ ላይ በረዶ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ።

እማዬ ሻይዋን አስቀመጠችና "እናንተ ስትወጡ እኔ የት ነው የምቀመጠው?" አለችኝ።

ክው አልኩ። ጉልበቷ ዳገት አይወድም፣ ይሄን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መኪና ውስጥ የምትቀመጥበትን አስቤያለሁ፣ የምትተኛበትን ክፍልም ምድር ቤት እንዲሆን አስቤያለሁ። ቀኑን ሙሉ ምን ትሆናለች የሚለው ግን ጭራሽ ወረቀቱ ላይ የለም። ደግሞ ያቺ ቀመር የተሠራችው ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው፣ በየአሥር እርምጃው ቅጠል ለሚለቅም ሕፃን አይደለም።

ማታ ተመልሼ ካርታው ላይ ወደ ታች ወረድኩ። ዝቅ ብሎ አንድ ሐይቅ አለ፣ ዙሪያው ሜዳ ነው፣ 2 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። መጀመሪያ አፍንጫዬን ነፋሁበት። ከዚያ ስለ ቅጠሎቹ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ቀለሙ ከላይ ነው የሚጀምረው፣ ቅዝቃዜው እየወረደ ሲመጣ አብሮት ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ ላይ ያለው ድንጋይ ነው፤ ዛፍ የለውም። ከሐይቁ ዳር የተቀመጠ ሰው ግን ተዳፋቱን በሙሉ ከፊቱ ያየዋል፣ ላይ ረግፎ፣ መሐል ቀልቶ፣ ታች ገና አረንጓዴ ሆኖ።

ለልጄ አረንጓዴው ሲፈርስ ቢጫው እንደሚወጣ፣ ቢጫው ድሮም ቅጠሉ ውስጥ እንደነበረ ነገርኩት። "ቀዩስ?" አለኝ። ቀዩን ዛፉ በመጨረሻ አዲስ ነው የሚሠራው አልኩት። "ሊረግፍ ሲል ለምን ይደክማል?" አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ጫፉን አልተውኩትም፣ አንድ ጠዋት እኔና ባለቤቴ ብቻችንን እንሞክረዋለን፣ ልጆቹ ከእማዬ ጋር ሐይቁ ዳር ይቆያሉ። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ "ጥሩ ነው" አለች፣ አሁን ግን ድምፁ ሌላ ነበር።

ዛሬ ታጣፊውን ወንበር ከዕቃ ቤት አወጣሁት። አቧራውን ጠርጌ ሳሎን መሐል ዘረጋሁና እማዬን አስቀመጥኳት። ደገፍ አለች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ተመቻት መሰለኝ። ልትነሳ ስትል ግን አቃታት፤ በሁለት እጄ ይዤ ነው ያነሳኋት።

"ትንሽ ከፍ ያለ የለም?" አለች።

ነገ ፍለጋ እወጣለሁ።