የጥለቱ ቀለም

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት መሄድ አስጠላኝ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እዚህ ፓሪስ፣ በሴን ወንዝ ዳር አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡት ሰዎች አረንጓዴ ሣጥኖቻቸውን ዘግተው ሄደዋል። እስኪያባራ ብዬ የድሮ ኅትመቶች ወደሚሸጡበት አንድ ጠባብ ሱቅ ገባሁ።

ፊት ለፊቴ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኤርነስት ሞንቶ የመኪና እሽቅድምድም ሥዕል ተሰቅሏል። መኪናዋ ከአቧራ ውስጥ ተወርውራ ትወጣለች። ጎማዎቿ ክብ አይደሉም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነው ወደ ፊት አዘንብለዋል። ሹፌሩ መሪውን ጨምድዶ ይዟል። እኔን የያዘኝ ግን አቧራው ነው፦ ከሥር የጤፍ አገዳ የሚመስል፣ ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ ከሰማዩ ጋር የሚቀላቀል።

እ.ኤ.አ. በ1903 ከፓሪስ ወደ ማድሪድ በተጀመረው ውድድር አቧራው መንገዱን ፈጽሞ ይጋርደው ስለነበር፣ ሹፌሮቹ ከአቧራው በላይ የሚታየውን የዛፎች ጫፍ እያዩ ይነዱ ነበር። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ማርሴል ሬኖ፣ የሞተው በዚያ ጉዞ በደረሰበት አደጋ ነው። ውድድሩ ቦርዶ ላይ ተቋረጠ፤ ወንድሙ ሉዊም ከዚያ በኋላ ለውድድር አልነዳም። ሰው የገደለ አቧራ ወረቀት ላይ እንዲህ ሲያምር ማየት ይከብዳል።

ለመሆኑ ማን ቀባው? በእንዲህ ያለው ኅትመት፣ ድንጋይ ላይ ተሥሎ ወደ ወረቀት ይታተም የነበረው መስመሩ ብቻ ነው። ቀለሙን በእጅ ይቀቡት ነበር፤ ለየቀለሙ ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ስስ ነገር ወረቀቱ ላይ ያነጥፉና በብሩሽ ያልፉበት ነበር። ስለዚህ የአንዱ ቅጂ አቧራ ከሌላው ይደምቃል፣ ወይም ይፈዝዛል። ሞንቶ እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሞት ሚስቱ ማርግሪት ሥራውን ቀጠለች፤ «ማጊ» የሚለውን የቁልምጫ ስሟን ፊደላት ገለባብጣ «ጋሚ» እያለች ትፈርም ነበር። እርሷስ በተገለበጠም ስም ቢሆን ፈርማለች። ብሩሹን የያዙት ሌሎቹ እጆች ስም አልተጻፈላቸውም።

ይህን ሳስብ የአያቴ የእማማ ፎቶ ድቅን አለብኝ፤ ሳሎን ከበሩ በላይ የተሰቀለው። በጥቁርና ነጭ ተነሥቶ ፎቶ ቤቱ በእጅ ቀለም የቀባው ነው። ጉንጫቸው እንደ ኮክ ቀልቷል፤ የቀሚሳቸው ጥለት አረንጓዴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እማማን ያወቅኋቸው በዚያ አረንጓዴ ነው። እኔ ሳልወለድ ነው ያረፉት።

ማታ ለእታለም ደወልኩላት። «ጥለቱ ቀይ ነበር» አለችኝ ሳታመነታ። ልጅ ሆና ጉልበታቸው ላይ ተቀምጣ በጣቷ ትከተለው እንደነበር ነገረችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ቀቢ ቀሚሱን በዓይኑ አይቶት ያውቃል? ቀይ ቀለም አልቆበት ይሆን? ወይስ እማማ ራሳቸው ናቸው «አረንጓዴ አድርግልኝ» ያሉት?