ሞዴል 19

ዛሬ ሌሊት ውርጩ ጉድ ነበር። የኅዳር ደብረ ብርሃን እንዲህ ናት፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ቢደረብም አታሞቅም። ኪዳን አድርሼ ስመለስ እግሬ ደንዝዟል። ሐሳቤ ግን ማክሰኞ ዕለት ላይ ቀርቷል።

ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። ማክሰኞ ሲሚንቶ ገባ። ቆጠርኩት፤ 160 ኩንታል። የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19 ላይ ግን "200 ብለህ ቁረጥ" አለኝ አለቃዬ።

"ጋሼ፣ የገባው እኮ 160 ነው።"

"አታካብድ፤ ፊርማ ናት።" ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንተም ድርሻህ አለ" አለኝ።

ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ። እናቴ የታመመች ጊዜ የመድኃኒቱን ገንዘብ ሳልጠይቀው የሰጠኝ እሱ ነው።

አልፈረምኩም። ጀግንነት አልነበረም፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግሞስ አምና ፈርሜ የለ? ያኔ 5 ኩንታል ናት ብዬ። የዚያን ዕለት ማታ አቡነ ዘበሰማያትን ስደግም ምላሴ እንኳ አልተሳሰረም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ልጅ ሆነን ስለ አቡነ ጴጥሮስ ሲነገረን፣ የፍቼ አገር ሰው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን የረሸናቸው፣ እኔም ብሆን እንደሳቸው እቆም ነበር እል ነበር። እዚሁ ቅርባችን እንግጫ ላይም በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ከደብረ ሊባኖስ የመጡ ዲያቆናት ተረሽነዋል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አማትባለሁ። ማማተብ ምን ይከብዳል! እነሱ ፊት የቆመው ጠላት መሆኑ ይታወቃል። እኔ ፊት የቆመው ግን ውለታ የዋለልኝ ሰው ነው፣ ያውም እየሳቀ።

ጌታ "መስቀሉን ተሸክሞ ይከተለኝ" ያለውን ማቴዎስም ማርቆስም ጽፈውታል። "ዕለት ዕለት" የምትለዋን የጨመረ ሉቃስ ብቻ ነው። ድሮ ልብ አላልኳትም ነበር።

ከማክሰኞ ወዲህ አለቃዬ ሰላምታዬን አይመልስም። ሌላ ክፍል ሊያዛውረኝ ነው እየተባለ ይወራል። የንስሐ አባቴ ስለዚህኛው ብዙም አላሉም፤ "የአምናውን 5 ኩንታል መልስ" ብቻ አሉኝ። የሲሚንቶን ዋጋ ሳሰላ ወገቤ ተቆረጠ።

ማታ እናቴ ሽሮዋን አቅርባ ፊቴን አየችው።

"ምን ሆነሃል ልጄ?"

"ብርዱ ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ይኸው፣ ዋሸሁ።