ያልታመሙት ታማሚዬ

የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ሆኜ ጅማ ድንገተኛ ክፍል የተመደብኩበት የመጀመሪያ አዳሬ ነው። ኢድ ካለፈ ሁለት ቀኑ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጋዋኔን እንዴት እንደተኮስኩት አትጠይቁኝ፣ እጥፋቱ ሽንኩርት ይከትፋል።

ሲስተር «የአራት ቁጥርን ቫይታል ሳይን ውሰድ» አለችኝ፤ ግፊት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ ኦክስጅን ማለቷ ነው። አልጋው ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ሻርፓቸው በዝናብ ርሷል። «እንዴት አመሹ እናቴ» ብዬ ኦክሲሜትሩን፣ የደም ኦክስጅንን በመቶኛ የሚለካውን መሣሪያ፣ ጣታቸው ላይ ሰካሁ።

71!

ከ95 በላይ ነው የሚጠበቀው። ከ90 ከወረደ ያስፈራል። 71ን ፈተና ላይ እንኳን አላየሁትም።

«ሲስተር! ሊሞቱብኝ ነው!»

ክፍሉ በሙሉ ቀና አለ። የኦክስጅን ሲሊንደሩን እየጎተትኩ መጣሁ። የመክፈቻው ቁልፍ አምልጦኝ አልጋ ስር ገባ። በደረቴ ተኝቼ አወጣሁት (የጋዋኔ ነገር እዚህ ላይ አበቃ)። እናትየው ቁልቁል እያዩኝ «ልጄ፣ ምን ነካህ? ውሃ ላምጣልህ?» ይሉኛል። አየር ያጠረው ሰው እንዲህ ጥርት አድርጎ አያወራም። ግን ማን ይሰማል? ማስኩን አጠለቅኩላቸው።

ይሄኔ አንድ ወጣት ጉሉኮሱን ከፍ አድርጎ ይዞ ከሽንት ቤት ብቅ አለ። ማስክ ያጠለቁትን ሴት አየ። «እማዬ!» ብሎ ዝርግት።

አራት ቁጥር ለካ እሱ ነው። ተቅማጥ ያደከመው። እናቱ አስታማሚ ናቸው፤ ወንበር ስላጡ አልጋው ላይ አረፍ ብለው ነበር።

ሲስተር በጀርባው አስተኝታ እግሩን ከፍ አደረገች። ግፊቱ 80 በ50። ስኳሩ ደህና። ፈሳሹን ለቀቅ ስታደርግለት ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች። ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው በጥቁር ሂና ተነክረዋል፤ እጃቸው በረዶ ነው። መሣሪያው የሚያነበው በጣት ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ነው። በዚያ ሂና ምን ብርሃን ይለፍ? እጃቸውን አሽታ አሞቀችና ሂና ያልነካው አውራ ጣታቸው ላይ ሰካችው።

97።

ምንም አላለችኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት እናትየው በፔርሙስ ቡና አስመጥተው ለአልጋ ጎረቤቶች ይቀዳሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ለሱ ስጡት። ሌሊቱን ታሞ ነው ያደረው።»