ዘግይቶ የተገዛ የቱሊፕ ኮረት በደሴ

በአውሮፓ በጸደይ የሚያብቡ አበቦች ኮረት (ሽንኩርት የሚመስለው፣ የሚተከለው ክፍላቸው) ገበያ የሚደራው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ነጋዴው የተረፈውን በርካሽ ያራግፋል። እኅቴ ከሆላንድ ስትመጣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱን አሟልታ ይዛልኝ የመጣችው ከዚሁ ትርፍራፊ ነው፤ አብዛኛው ቱሊፕ፣ የቀረው ዳፎዲልና ሃያሲንት። ደሴ ላይ አበባ የምታለሙ ወዳጆች ዘግይቶ የተገዛ ኮረት እዚህ ያብባል ወይ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ስለ ከረማችሁ ከታኅሣሥ ጀምሮ ያየሁትን እነሆ።

መጀመሪያ ያደረግሁት በጣት እየተጫንሁ መለየት ነው። ጠንካራና በእጅ ሲይዙት የሚከብድ ከሆነ ደኅና ነው። የለሰለሰውን፣ ቀልሎ ባዶ የሆነውንና መጥፎ ጠረን ያመጣውን ጣልሁ። ቅርፊቱ ላይ ሰማያዊ የሚመስል ሻጋታ ያለበትን ግን ለመጣል አትቸኩሉ፤ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ሥጋው ጠንካራ ከሆነ ይተከላል። የቅርፊቱ መላጥም ሆነ የጫፉ መጎንቆል አያሳስብም።

አንዱን ከላይ ወደ ታች ለሁለት ከፈልሁት። በዚያ ሁሉ ነጭ ሥጋ መካከል ቅጠሎቹ ተጠቅልለው፣ በእነርሱ ውስጥ ደግሞ አበባዋ ከነወንዴ ዘንጎቿ ተሠርታ ተቀምጣለች፤ እጅግ ትንሽ፣ ግን ሙሉ። ቱሊፕ አበባውን የሚሠራው ከአፈር ውጭ ባለበት በሞቃቱ ወቅት ስለሆነ፣ ዘግይቶ የተገዛ ኮረት ያለቀለት ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ተቀምጦም ስንቁን ይበላል። ዘንድሮ ያልተተከለ ለከርሞ አይደርስም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ወዲያው ይተከል ወይስ ይቆይ የሚል ነበር። የብርድ አገር አትክልተኞች ምክር አንድ ነው፦ መሬቱ በበረዶ እስካልደነደነ ድረስ ዛሬውኑ ትከሉት። ለእነርሱ ትክክል ነው፤ አፈሩ ገና ለብዙ ሳምንታት ይበርዳልና። የቱሊፕ የዱር ዘመዶች የሚበቅሉት በማዕከላዊ እስያ ተራሮች ነው፤ በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ በረዷማ በሆነበት። ስለዚህ ኮረቱ ከ9 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች በሆነ ብርድ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ካልቆየ አገዳው አይረዝምም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ የማያውቅ የለም። ሆኖም ቀን ፀሐዩ ይመለሳል። ኮረቱ የሚቀበርበት አፈር የሌሊቱን ውርጭም የቀትሩንም ሙቀት ሳያገኝ መካከለኛውን ይዞ ይኖራል፤ ያ መካከለኛ ደግሞ ለቱሊፕ አይበቃም። እኛን የሚበርደን ሁሉ ለእርሱ ብርድ አይደለም። ለማየት ያህል ጥቂት ኮረቶች በዚያው በታኅሣሥ መሬት ላይ ተከልሁ።

የቀሩትን ቱሊፖችና ሃያሲንቶች ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባኋቸው። በወረቀት ከረጢት፣ በደረቅ ሰጋቱራ መሐል፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ እንጂ ከበረዶ ቤቱ አጠገብ አይደለም። ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ያሻግታል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ፍራፍሬ ነው። ሙዝ፣ ፖም፣ አቮካዶና ቲማቲም ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙም ያችን ውስጥ ያየኋትን አበባ ሳትወጣ ይገድላታል። ቤተሰቤ ለወራት ቲማቲሙን ውጭ ሲያስቀምጥልኝ ከረመ፤ አመሰግናቸዋለሁ። ከረጢቱ ላይ በትልቁ «መርዝ ነው፣ አይበላም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ይህን በቀላሉ አትዩት፤ የዳፎዲል ኮረት ከቀይ ሽንኩርት ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ የበላውንም ክፉኛ ያስታውካል። ሃያሲንት ደግሞ እጅ ያሳክካል፤ በጓንት ያዙት። መብራት ለጥቂት ሰዓት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን በር ሳይከፍቱ መቆየት ይበቃል።

ዳፎዲል በደረቁ መቀዝቀዝን አይወድም። ስለዚህ ግማሹን እርጥብ አፈር በያዘ ጣሳ ውስጥ ተክዬ ከነጣሳው ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርሁት። የቀረውን ከእኛ ይበልጥ ወደሚበርደው ወደ ደላንታ ለአጎቴ ላክሁለት፤ እርሱም ከነጭ ሽንኩርቱ መደብ ጎን ተከለው። ነጭ ሽንኩርትም ራስ አበጅቶ ለመከፈል ብርድ ስለሚፈልግ፣ ስለ ኮረትና ስለ ብርድ ሳወራ ከሁሉ ቀድሞ የገባው እርሱ ነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የበልጉ ዝናብ አፈሩን አርሶ ስለነበር ከብርድ አውጥቼ በዚያው ቀን ተከልሁ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ኮረት ሞቃት ቤት ውስጥ መሰንበት የለበትም። የግቢያችን አፈር ውኃ የሚይዝ ዋልካ ነው፤ ኮረት ደግሞ ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጌ አሸዋና የተብላላ ኮምፖስት ቀላቀልሁበት። ትኩስ ፍግ አይነካውም። ጥልቀቱ የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል፣ ጫፉ ወደ ላይ፣ ቦታውም የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ በቤቱ ጥላ የሚሸፈን።

ውጤቱ ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል። በታኅሣሥ በቀጥታ የተተከሉት ቱሊፖች አንዳንዶቹ ቅጠል ብቻ ሆኑ፤ ያበቡትም አበባቸው ከመሬት ሳይነሣ ቅጠሉ መሐል ተቀርቅሮ ቀረ። ከብርድ የወጡት ግን ግንቦት ሲገባ አብዛኞቹ ቀጥ ባለ አገዳ ላይ ቀይና ቢጫ ሆነው ወጡ። ሌሊት ተዘግተው ያድሩና ፀሐይ ሲያገኙ ይከፈታሉ። የግንቦት ሙቀት ዕድሜያቸውን አሳጥሮታል፤ ሆኖም ሲያብቡ ያየ ሁሉ በአጥራችን አጠገብ እየቆመ ነው ያለፈው፤ እኔም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሃያሲንቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ሽታቸው ግን ግቢውን ይሞላል። የጣሳው ዳፎዲል ጥቂት አበባ ብቻ ሰጠ።

አሁን አበባው የረገፈውን ጫፍ ቆርጬ ቅጠሉን ትቼዋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ስንቅ የሚያከማቸው ቅጠሉ ነው፤ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ አይነካም። የሐምሌ ዝናብ ሳይበረታ ኮረቱን አውጥቼ በጥላ አደርቀውና በመረብ ከረጢት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እሰቅለዋለሁ። የቱሊፕ እናት ኮረት ካበበ በኋላ ያልቅና በልጆቹ ይተካል፤ ዙሪያቸው ከ10 ሴንቲሜትር ያነሱት ከርሞ ላያብቡ ይችላሉ። ትላልቆቹን በመስከረም መጨረሻ ወደ ማቀዝቀዣ አስገብቼ በጥር እተክላለሁ፤ የጥር ቀን ከግንቦቱ ይልቅ ለአበባው ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ።

እንደ ኮምቦልቻ ሞቅ ባለ ቦታ የምትኖሩ ደግሞ ፔፐርዋይት የሚባለውን ነጭ ዳፎዲል ፈልጉ፤ ማቀዝቀዣ ሳያስፈልገው ያብባል። የአጎቴ ዳፎዲል ደላንታ ላይ ለምለም ቅጠል አውጥቷል፣ አበባ ግን ገና ነው። በወረኢሉ፣ በመቅደላ ወይም በሌላ የወሎ ደጋ ያለ ማቀዝቀዣ ቱሊፕ ያበበላችሁ ካላችሁ፣ በየትኛው ወር እንደተከላችሁና ምን ያህል ጥልቀት እንደሰጣችሁት ጻፉልኝ።