«ሙቀቱ ነው» ያልኩበት ቀን

እኛ ድሬዎች ሁሉን ነገር በሙቀት እናሳብባለን። ራስ ሲያም ሙቀት፣ እንቅልፍ ሲጠፋ ሙቀት፣ እግር ሲያብጥም ሙቀት። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እውነት ነው።

ግንቦት ላይ ነው። መድኃኒት ቤት ብቻዬን ነበርኩ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ደንበኛዬ መጣች። «የኔ ልጅ፣ የሚቀባ ነገር ስጪኝ። እግሬ ተወጠረብኝ። ማታ ወጌሻ ጋ ሄጄ እታሻለሁ።»

«ሙቀቱ ነው እናቴ» አልኳትና ቅባቱን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ሒሳብ ልቀበላት ስል «የወር መድኃኒቴንም ጨምሪበት» ብላ ባዶውን ማሸጊያ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ታሞክሲፈን፣ 20 ሚሊግራም።

ደነገጥኩ። የጡት ካንሰር ይዟት ቀዶ ሕክምና እንዳደረገች አውቃለሁ። ክኒኑን በየወሩ የምሰጣትም እኔ ነኝ። ግን ከእግሯ ጋር አላያያዝኩትም።

ከባንኮኒው ዞሬ ወጣሁ። ዲሪያዋን ሰብሰብ አደረገች። የቀኝ እግሯ ደህና ነው። የግራው ጫማ ማሰሪያ ግን አልገጥም ብሎ ተፈቷል። ባቷ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ ይሞቃል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጎድጉዶ ቀረ። በሜትር ለካሁት፤ ከቀኙ በ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሙቀት ቢሆን ሁለቱም እግር ነበር የሚያብጠው።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ከአዲስ አበባ ስመለስ። ለቀጠሮ ሄጄ ነበር፣ በአውቶቡስ።» ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ፣ ሽንት እንዳያስቸግራት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ።

ካንሰር ራሱ ደምን ለመርጋት ያመቻቸዋል። ትሩሶ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን ያስተማረው በ1860ዎቹ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ይጨምሩበታል። ታሞክሲፈንም ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ይከላከላል፣ በዚያው ልክ የደም መርጋትን አደጋ ሁለት ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። እግር ላይ የረጋው ደም ተቆርሶ ሳንባ ከገባ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ድንገት ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለ እግር ደግሞ በፍጹም አይታሽም።

ቅባቱን መለስኩት። «ወጌሻው ይቅር፣ አሁኑኑ ሆስፒታል» አልኳት። የምትወስደውን መድኃኒትና ያየሁትን በወረቀት ጽፌ ባጃጅ ላይ አሳፈርኳት። በአልትራሳውንድ ሲታይ ከጉልበቷ በላይ ሳይቀር ደም ረግቷል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን የሄፓሪን መርፌ ጀመሩላት፣ ቀጥሎ ደም የሚያቀጥን ክኒን። ታሞክሲፈኑንም ሐኪሟ በሌላ ቀየረላት።

እሷ ታመሰግነኛለች። እኔን ግን እስካሁን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ያን ክኒን ስንት ወር ስሰጣት «አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ነገ አትበዪ» ብያት አላውቅም። አሁን ታሞክሲፈን ለሚወስዱ ሁሉ ይህን ሳልናገር መድኃኒቱን አልሰጥም። ወረፋው ቢረዝምም።

በሚቀጥለው ወር ደግሞ ቀጠሮ አላት። ውሃ ይዛ ልትሄድ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥርም ወርዳ ልትራመድ ተስማምተናል።