1961 የትኛው ነው? የወሎን የርዕደ መሬት መዝገብ ለስሌት ሳዘጋጅ

ለደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የርዕደ መሬት ስጋት ሳሰላ ጊዜዬን የሚበላው ቀመሩ ሳይሆን ቀኑን ማጥራት ነው። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ያለችውን ማጀቴን ያፈራረሰው የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት ግንቦት 1953 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1961። ያኔ ወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረችው ሰርዶ የተመታችው ደግሞ መጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1969። «1961» ብቻ የሚል ማስታወሻ ወደ የትኛውም ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ የተጻፈውን ቀን ሳልነካ አስቀምጬ፣ የተለወጠውን በሌላ ዓምድ እጽፋለሁ። ከመስከረም እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሰነዱ ዘመነ ወንጌላዊውን ከጠቀሰ 5500 ደምሬ ለ4 አካፍላለሁ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። ይህ የ7 ዓመት ስሕተትን ያጋልጣል። የ8 ዓመቱን ግን አያይም፤ 8 ለ4 ስለሚካፈል 1953ም 1961ም ዘመነ ማቴዎስ ናቸው። እዚያ ላይ የሚያድነው የሳምንቱ ቀን ነው፣ ከተጻፈ።

ሰዓቱም ያሳስታል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የደረሰ ንዝረት በዓለም አቀፉ ሰዓት የትናንት ይሆናል። አንዱ ርዕደ መሬት ሁለት ሆኖ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ቀጥሎ ተከታይ ንዝረቶችን አወጣለሁ። ለ6.5 መጠን በተለመደው የጋርድነርና ክኖፖፍ መስኮት (ከዋናው ርዕደ መሬት በኋላ የደረሰ ንዝረት ተከታይ ተብሎ የሚቆጠርበት ርቀትና ጊዜ) 60 ኪሎ ሜትር ገደማና ከሁለት ዓመት በላይ ይጸዳል። የካራ ቆሬ ንዝረት ለወራት ስለዘለቀ፣ ሳይጸዳ ከቀረ የአንድ ክረምት ጉድ የአካባቢው የዘወትር ጠባይ መስሎ ይወጣል።

የትንንሾችና ትልልቆች ምጣኔ (ቢ) ቀላል ነው፦ 0.434ን፣ አማካይ መጠኑ ከዝቅተኛው የተሟላ መጠን (ከእሱ ጀምሮ ያሉት ሁሉ ሳይቀሩ የተመዘገቡበት) በሚበልጥበት ልክ ማካፈል። መጠኑ በ0.1 ከተጠጋጋ ከዝቅተኛው 0.05 ይቀነሳል። አማካዩ 4.9፣ ዝቅተኛው 4.5 ቢሆን 0.434 ÷ 0.45 = 0.96። በ30 ርዕደ መሬት ብቻ ከተሰላ ግን ስሕተቱ 0.18 ገደማ ነው፤ ሁለተኛውን አሃዝ አትመኑት።

ውጤቱን ለመሐንዲስ ስሰጥ ንቅናቄው በአማካይ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚደርስ አብሬ እጽፋለሁ። በአማካይ በ475 ዓመት አንዴ የሚደርስ ንቅናቄ በ50 ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ 10 በመቶ ነው። በፈረንጅ 1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ ግን በ100 ዓመት ላይ የቆመ ነበር፤ ዕድሉ 39 በመቶ። በ475 ዓመትና በ100 ዓመት ላይ የቆሙ ሁለት ካርታዎችን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ስጋቱ ጨመረ» ማለት አይቻልም።