ኤልደር ስክሮልስ 6 እስኪመጣ፦ ስካይሪምን በድሬ ሙቀትና መብራት ማቆየት

ድሬ ውስጥ ሁለት የስካይሪም (የኤልደር ስክሮልስ ጌም ተከታታይ አምስተኛው ክፍል) ወዳጆች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው «አቦ፣ ስድስተኛው መቼ ነው?» የሚለው ነው። የሚወጣበት ቀን አልታወጀም። ሠሪው ቤተስዳ ጌም ስቱዲዮስ በጁን 2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ምስል አሳየ፦ ተራራ፣ ጭጋግ፣ የባሕር ዳርቻ፣ በመጨረሻም ስሙ። በማርች 2024፣ የተከታታዩ 30ኛ ዓመት ሲከበር፣ የመጀመሪያ ረቂቅ ቅጂዎቹን እየተጫወቱ እንደሆነ ገለጹ። በእጃችን ያለው ይኸው ነው።

መዘግየቱ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሬና 1994 ወጣ፣ ዳገርፎል 1996፣ ሞሮዊንድ 2002፣ ኦብሊቪየን 2006፣ ስካይሪም ደግሞ ኖቬምበር 11 ቀን 2011። ከዚያ በፊት ረጅሙ ጥበቃ 6 ዓመት ነበር። ከስካይሪም በኋላ ስቱዲዮው ወደ ፎልአውት 4 ሄደ፣ ፎልአውት 76 ተከተለ፣ ስታርፊልድ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 2023 ድረስ ዋናውን ጉልበት ያዘ። ስድስተኛው ከስታርፊልድ ቀጥሎ እንደሚመጣም ያኔውኑ በ2018 ተነግሮ ነበር። የት እንደሚካሄድ አልተረጋገጠም። ብዙ ሰው ከምስሉ ተነስቶ ሐመርፌል (በጌሙ ዓለም ያለ አገር) ነው ይላል። ከሆነ የአሊክር በረሃ አለበት ማለት ነው፤ በረዶን በስክሪን ብቻ ለምናውቅ የምሥራቅ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ዜና የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ላይ አንድ ሻጭ «ይሄ ላፕቶፕ ስድስተኛውን ይጎትታል» ቢላችሁ አትመኑት፤ መስፈርቱን ቤተስዳ ራሱ አላወጣም። የሚታወቀው ስድስተኛው የሚሠራው ስታርፊልድ በተሠራበት ኢንጂን (ጌሙ የሚገነባበት ሶፍትዌር)፣ በክሪኤሽን ኢንጂን 2 ወይም ከእሱ በቀጠለው ስሪት መሆኑ ነው። ስታርፊልድ ቢያንስ 16 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1070 ቲአይ ግራፊክስ ካርድና 125 ጊጋ ባዶ ቦታ ያለው ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ይጠይቃል። ከዓመታት በኋላ የሚወጣ ጌም ከዚህ በታች ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ለስድስተኛው ብላችሁ ዛሬ ማሽን አትግዙ። ገንዘቡ ካለ ነገም የሚያገለግለውን ግዙ፦ ኤስኤስዲ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ)፣ ጥሩ ሞኒተር።

ከቢሮ የወጡትን ትንንሽ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሳጥኖች የምታዩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የ7010 እና የ9020 ጠባቡ ሳጥን ፓወር ሰፕላይ 240 ወይም 255 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም የለውም። የሚገባበት ቁመቱ አጭር የሆነና ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚወስድ፣ ማለትም ከ75 ዋት ያልበለጠ ካርድ ነው። አጭሩ የጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ዓይነት ይገባል፤ ስካይሪምንም ያለ ጭንቀት ያጫውታል። መደበኛ ቁመት ያለውን ካርድ በርካሽ አግኝቶ የገዛ ሰው ክዳኑን መዝጋት አይችልም።

የትኛውን ስካይሪም? የ2011ዱ 32 ቢት ነው፤ በ2 ጊጋ ራምና በ6 ጊጋ ቦታ ይነሳል። የ2016ቱ ስፔሻል ኤዲሽን 64 ቢት ነው፤ 8 ጊጋ ራምና 12 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ የቀድሞው ይሻላል። ካርድ ላለው ያለ ጥርጥር ስፔሻል ኤዲሽን፤ የቀድሞው ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው የሚጨምሩበት ነገር) ሲበዛበት ሊጠቀምበት የሚችለው ማስታወሻ (ሜሞሪ) ይሞላና ሳያስጠነቅቅ ይዘጋል። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ከማስገባት ሁለት ባለ 4 አስገቡ። እንዲህ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ ሁለት ራም ሲሆን መንገዱ በእጥፍ ይሰፋለታል። በጌሙ ውስጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ጌሙ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጥላ ነው፤ ሰው ግን ቴክስቸሩን (የነገሮቹን ገጽ የሚያለብሰውን ምስል) ነው የሚነካው። ዶክዩመንትስ ውስጥ ማይ ጌምስ የሚለውን ፎልደር ክፈቱና የስካይሪም ፕሬፍስ ፋይልን በኖትፓድ አውጡ። የጥላውን ሪዞሉሽን 1024፣ የጥላውን ርቀት 2000 አድርጉ። አንታይአሊያሲንግ (ጠርዞችን የሚያለሰልሰው) ይጥፋ። ይህ ካልበቃ ስክሪኑን ወደ 1280 በ720 አውርዱ። ቴክስቸር የሚነካው ካርዱ 512 ሜጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብቻ ነው።

ፍጥነት ፍለጋ ቪሲንክን (ጌሙ የሚያወጣቸውን ምስሎች፣ ማለትም ፍሬሞች፣ ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን) ማጥፋት የተለመደ ስህተት ነው። የስካይሪም ፊዚክስ ከፍሬሙ ጋር የታሰረ ስለሆነ በሴኮንድ ከ60 ፍሬም ሲያልፍ ይዛባል፤ ቤት ስትገቡ ሳህንና ጠርሙሱ ከጠረጴዛ ላይ ይበራል፣ መክፈቻው ላይ ያለው ጋሪም ይገለባበጣል። ሞዱ ተበላሸ ብሎ ጌሙን እንደገና የሚጭን ሰው ብዙ ነው፤ ቪሲንኩን መመለስ ይበቃል። ላፕቶፕ ላይ እንዲያውም በ30 መገደብ ይመከራል፤ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፕሮሰሰር ከ95 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክፍሉ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ 20 ዲግሪ ከሆነ ክፍል ጋር ሲነጻጸር፣ ፕሮሰሰሩም በዚያው 15 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው። ሐረር ላይ ያለ ችግር የሚያጫውት ላፕቶፕ ድሬ ሲወርድ የሚንቀራፈፈው በዚህ ነው፤ ከተሞቹ በከፍታ ብዙ መቶ ሜትሮች ይለያያሉ። ምልክቱ ቀላል ነው። ጌሙ ሲጀመር ጥሩ ሆኖ ቆይቶ እየቆየ ከተጎተተ ችግሩ ሙቀት ነው፤ ከመጀመሪያው የሚጎተት ከሆነ አቅም ነው።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ይሄዳል። የኋላ ክዳኑን ፈትታችሁ በፋኑና በብረት ክንፎቹ መካከል የተነጠፈውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አንሱ። አየር ስትነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት፤ በነፋስ ኃይል ሲሽከረከር መሽከርከሪያው ይጎዳል። የደረቀውን ተርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) በአልኮል ጠርጋችሁ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ አድርጉ፤ ማብዛት አያቀዘቅዝም። ላፕቶፑን ከኋላ በኩል ከፍ አድርጉት፣ ፍራሽና ትራስ ላይ ግን በፍጹም፤ አየር የሚገባው ከሥር ነው። የጠረጴዛ ቬንትሌተር የክፍሉን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዘውም፤ ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ከባዱን ቦታ፣ ለምሳሌ የሪፍተንን ከተማ ወይም ትልልቅ ውጊያዎችን፣ ለማለዳ ወይም ለማታ አቆዩ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ የሚጎዳው ሴቩ (ጨዋታው የደረሰበትን የሚያስቀምጠው ፋይል) ነው። ጌሙ ሴቭ ሲያደርግ ፋይሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያልቅም፤ ዊንዶውስ ለአፍታ ማስታወሻ ላይ ይይዘዋል። በዚያች አፍታ መብራት ከሄደ ፋይሉ በስምና በመጠን ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ወይም ግማሽ ነው። ኤፍ 5 የሚያደርገው ፈጣን ሴቭ ያንኑ ፋይል እየደጋገመ ስለሚጽፍበት ለእኛ አገር መብራት አይሆንም። ሜኑ ከፍታችሁ ሁልጊዜ አዲስ ሴቭ አድርጉ፤ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን አምስቱን ጠብቁ፤ የሴቭስ ፎልደሩን በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ቅዱ። አውቶሴቩንም አታጥፉት።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አንድ አይደሉም። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል፣ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ዴስክቶፕ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ዩፒኤስ ነው። 650 ቪኤ የተጻፈበት ብዙውን ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ነው የሚሸከመው፤ ለቢሮ ኮምፒውተርና ለሞኒተር ይበቃል፣ ያውም ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት እንጂ ለመጫወት አይደለም። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ሳትሰኩ ቆዩ።

ፕሌይ ስቴሽን 3 ላይ የምትጫወቱ ሌላ ችግር አለባችሁ። የማሽኑ ማስታወሻ 256 ሜጋ ለጌሙ፣ 256 ሜጋ ለግራፊክሱ ተብሎ የተከፈለ ነው። ሴቩ እያደገ ሲሄድ የጌሙ ድርሻ ይጠብበዋል፣ እንቅስቃሴውም ይቆራረጣል። በየቤቱ ዕቃ እየጣሉ መሄድን ተዉ፤ የጣላችሁትን ሁሉ ሴቩ ያስታውሰዋል።

ዳታ ለመቆጠብ፣ ጌሙን በስቲም (በኢንተርኔት የጌም መሸጫው) የገዛ ሰው 12 ጊጋውን እንደገና ማውረድ የለበትም። ጌሙ ካለው ጓደኛ ስቲምአፕስ ውስጥ ኮመን ከሚለው ፎልደር የስካይሪምን ፎልደር ቅዱ፣ በእናንተ ኮምፒውተር ተመሳሳይ ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ ኢንስቶል በሉ። ስቲም ያሉትን ፋይሎች ይፈትሽና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ጌሙን አንድ ላይ ጠቅልሎ ማሸግ እዚያ ላይ ይሰናከላል። ፎልደሩን እንዳለ ቅዱ፣ ወይም ፍላሹን ኤክስፋት አድርጉት።

ስለ ሞድ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ስክሪፕት (ጌሙ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ያለውን ሞድ በጨዋታ መሃል አታውጡ፤ ሞዱ ቢወጣም ስክሪፕቱ ሴቩ ውስጥ ይቀራል፣ ከብዙ ሰዓት በኋላም ሴቩ አልከፍት ይላል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሞዶች የሚፈልጉት ስክሪፕት ኤክስቴንደር የሚባል ረዳት ፕሮግራም ከጌሙ ቅጂ ጋር ቁጥር በቁጥር መመሳሰል አለበት። ስለዚህ ስቲም ላይ ጌሙ የሚታደሰው ሲከፈት ብቻ እንዲሆን አድርጉ፣ ከዚያም ሁልጊዜ በኤክስቴንደሩ በኩል ክፈቱት።

ጥበቃውን በቀደሙት ክፍሎች መሙላትም ይቻላል። ዳገርፎል በነጻ ይገኛል፤ በዳገርፎል ዩኒቲ (አድናቂዎች በአዲስ ኢንጂን እንደገና በሠሩት) ሲጫወቱት ዛሬ የተሠራ ያህል ይታዘዛል። ሞሮዊንድ በኦፕን ኤምደብሊው (አድናቂዎች በሠሩለት ነጻ ኢንጂን) አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በምቾት ይሄዳል። የ2025ቱ የኦብሊቪየን እድሳት ከባድ ነው፤ የ2006ቱ ኦሪጅናል ከ5 ጊጋ ባነሰ ቦታ ያንኑ ታሪክ ይሰጣችኋል።

ከስድስተኛው ከምንም በላይ የምንመኘው ፊደላችንን ነው። ስካይሪም ጽሑፉን የሚያሳየው ራሱ ይዞት በመጣው ፎንት ነው፤ በዚያ ውስጥ ግዕዝ ስለሌለ አማርኛ ስታስገቡበት ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ኢንተርፌስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ፎንት ኮንፊግ የሚል የጽሑፍ ፋይል አለ። የትኛው ፎንት የት እንደሚውል እዚያ ተጽፏል፤ ለገጸ ባሕርይ ስም የሚፈቀዱት ፊደላትም እዚያው ተዘርዝረዋል፣ የእኛዎቹ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፣ ፊደሎቹም እንደ ዐረብኛ እየተያያዙ ቅርጽ አይለውጡም። አንድ ፎንት መጨመር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አማርኛ መሞከር የሚፈልግ ሰው ከሜኑው ይጀምር። የትርጉም ፋይሉ በዩቲኤፍ 16 መቀመጥ አለበት፤ በዩቲኤፍ 8 ካስቀመጣችሁት ሜኑው ላይ የዶላር ምልክት ያለባቸው ቁልፍ ቃላት ይወጣሉ። በቁልፉና በትርጉሙ መካከል ያለው ክፍተት ታብ ነው፣ ስፔስ ከሆነ መስመሩ አይነበብም። ፎንት ስትመርጡ ወፈር ያለና ክፍት የሆነውን ምረጡ፤ በ720 ስክሪን ላይ የሩ፣ የሪና የሬ ቅጥያ ተዋህዶ አንዱ ከሌላው አይለይም። ከሜኑው ቀጥሎ የዕቃና የቦታ ስሞች፣ ንግግሩ ግን በመጨረሻ፤ ከ60,000 በላይ መስመር ስለሆነ ለአንድ ሰው አይሆንም። አሁን የሚዘጋጀው የቃላት ዝርዝር ለስድስተኛውም ይሆናል፤ ድራጎን፣ ጥንቆላ፣ ጋሻ፣ የነገሥታቱ ማዕረግ ያው ነው። ጌሙ የወጣ ዕለት መጀመሪያ የሚታየው ያ የፎንት ፋይል እንደ ድሮው ክፍት ሆኖ መምጣቱ ነው፤ ከመጣ ሥራው በዚያው ቀን ይጀመራል።